የመምህር ፔቲክ ግራ ጎን

መምህር ፔቲክ በግራቸው በኩል የምንቀመጠውን ልጆች አብልጠው ይወዱናል ብዬ አምን ነበር። በቀኝ ረድፍ ያለ ልጅ ከፊቱ የተቀመጠችውን ልጅ ሹሩባ ቀለም ውስጥ ሊነክር ሲል፣ እጁ ገና መንገድ ላይ እያለ ስሙ ይጠራል። እኛ የግራዎቹ ግን ፖም እንገምጣለን፤ ዴንዚል ካርን ከኪሱ እንቁራሪት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያዘልላል፤ እሳቸው ጠመኔያቸውን ይዘው ስለ ወንዞች ማስተማራቸውን ይቀጥላሉ። አንድም ቀን ተቆጥተውን አያውቁም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እንዲህ ያለ ዝምታ ከፍቅር በቀር ከሌላ ነገር ሊመጣ እንደሚችል በምን አውቄ።

ረጅም ሰው ነበሩ፤ ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። በኮምሌይ መንደር መንገድ ሲሄዱ መንገዱ ለእሳቸው ብቻ የተሠራ ይመስል መሃል መሃሉን ይራመዱ ነበር። ጦርነቱ ካለቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ስኳርና ቅቤ አሁንም በራሽን ነው። ከመንደራችን ወንዶች የሄዱት ሁሉ አልተመለሱም፤ የተመለሱትም ስለ ሄዱበት አያወሩም። መምህር ፔቲክ የሰሜን አፍሪካን በረሃ በካርታ ላይ ሲያሳዩን እንኳ ጣታቸው እንደማንኛውም አገር አልፎት ነበር የሚሄደው።

ከሌላው መምህር የሚለያቸው ነሐሴ ነው። በነሐሴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሳቸው የእኛ መሆናቸው ያበቃና የካውንቲው ይሆናሉ። ከመላው ካውንቲያችን፣ ማለት ከአውራጃችን፣ አሥራ አንድ ሰው ብቻ በሚመረጥበት የክሪኬት ቡድን ውስጥ ይጫወታሉ። እኔ ግን ካውንቲው ሰው ይመስለኝ ነበር። ትልልቆቹ "ካውንቲው ጠራቸው" ይላሉ፤ "ካውንቲው ዘንድሮ ካልሆነላቸው ያሰናብታቸዋል" ይላሉ፤ አንዴ ደግሞ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት "ካውንቲው አንጀት የለውም" ስትል ሰምቻለሁ። ቦርጫም፣ የወርቅ ሰንሰለት ያለው ሰዓት በደረቱ ያንጠለጠለ፣ አንጀት የሌለው ሰውዬ ነበር በሐሳቤ የሳልኩት። እንዲህ ያለ ሰው ከሰው ሁሉ መርጦ የእኔን መምህር መጥራቱ ያኮራኛል፤ ይቆጣቸው ይሆን ብዬም እፈራለሁ።

አያቴ ኢኖክ የመንደሩ አንጥረኛ ነበር። በነሐሴ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣውን ወናፉ አጠገብ ቆሞ ይገልጥና፣ "ፔቲክ፣ ሠላሳ አንድ" ይላል። ሠላሳ አንድ ሩጫ ማለቱ ነው፤ ኳሷን መትቶ በሁለቱ የችካል ቦታዎች መሃል ወዲያና ወዲህ የተሮጠ። ሠላሳ አንድ ከሆነ ቀኑ ጥሩ ነው። "ፔቲክ፣ ዜሮ" ያለ ቀን መዶሻው ይበረታል።

ነገሩን ሁሉ ያመጣው ይኸው አያቴ ነው። አንድ ቀን ለጎረቤቱ ሲያወራ ሰማሁት። ሌላው መቺ፣ አለ፣ የግራ ትከሻውን ለወርዋሪው ሰጥቶ በትከሻው ላይ አሻግሮ ነው የሚያየው። የእኛው መምህር ግን አንገቱን እስኪጣመም ያዞርና ቀኝ ጆሮውን ለኳሷ ያቀብላታል።

"ሰውዬው እኮ ኳሷን በጆሮው ነው የሚያያት" አለ።

ጎረቤቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ሰው ሁሉ በዓይኑ ሲጫወት የእኔ መምህር የኳስን ድምፅ መስማት ይችላሉ። ካውንቲው የጠራቸው ለዚህ ነው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ዴንዚልን ለምኜ ግቢው ውስጥ ከግንቡ ጋር ቆምኩ። ኳሷ መምህር ፔቲክ ለትምህርት ቤቱ የሰጡት አሮጌ የቆዳ ኳስ ነበረች፤ ቀይነቷ ለቅቋል እንጂ ጥንካሬዋ የድንጋይ ነው። አንገቴን እንደ እሳቸው አዞርኩ፤ ጆሮዬን አቀረብኩ፤ ዓይኖቼን ጨፈንኩና ወርውር አልኩት። ነፋሱን ሰማሁ። ገመድ የሚዘሉትን ልጆች ዘፈን ሰማሁ። ከግንቡ ላይ አበባ የምትቀስም ንብ ሰማሁ። ኳሷ ግን ምንም ሳትል መጥታ ከንፈሬን አፈነዳችው።

መምህር ፔቲክ ግቢውን አቋርጠው እየሮጡ መጡ። መሐረባቸውን አፌ ላይ አድርገው ተንበረከኩ፤ ከተንበረከኩም በኋላ ትንሽ ዞር ብለው እንደገና ተስተካከሉ። ለምን ዓይኔን እንደጨፈንኩ ጠየቁኝ። እንደ እርስዎ በጆሮዬ ላያት ብዬ ነው አልኳቸው።

እጃቸው መሐረቡ ላይ ቆመ።

"ማነው እንዲህ ያለሽ?"

አያቴን አሳልፌ ለመስጠት ልቤ እንቢ አለኝ፤ ራሴ ነኝ ያወቅሁት አልኩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ሄስተር፣ ኳስ በዓይን ነው የምትታየው። ሁለት ደህና ዓይኖች አሉሽ፤ ክፈቻቸው" አሉኝ። ሊነሱ ብለው ደግሞ ተመለሱ። "ይህን የጆሮውን ነገር ለሌላ ሰው አታውሪ። ተግባባን?"

ተግባባን አልኩ። ያ ቀን እንደ ንጉሥ የተቀባሁበት ቀን ነው። የዓለም ትልቁ ምስጢር በእጄ ገብቷል፤ ከንፈሬ አብጦ፣ አንገቴ ቀንቶ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ እናቴ እንቁላል አስይዛ ወደ መምህር ፔቲክ ቤት ላከችኝ። በጓሮ በኩል ገባሁ። የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ ውስጥ ሚስታቸው ወይዘሮ ሙሪየል እየተናገሩ ነበር። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሁልጊዜ የሚሠሩት ነገር የማያጡ ሴት ነበሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ግን እንዲያ ያለ ድምፅ ከሴት አፍ ሰምቼ አላውቅም።

"አንዱን ሰጥቻለሁ አልዊን። ሁለተኛውን አልሰጥም።"

መምህር ፔቲክ ዘንድሮን ብቻ አሉ። ወይዘሮ ሙሪየልም አምናም ዘንድሮን ብቻ ብለህ ነበር ብለው መለሱላቸው። እኔ እንቁላሎቹን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ሮጥኩ። በመንገዴ ሁሉ አለቀስኩ። መንደራችን ውስጥ አንዱን ልጅ፣ አንዱን ወንድም ለጦርነቱ ያልሰጠ ቤት ጥቂት ነው፤ የወይዘሮ ሙሪየልም አንድ ወንድም ሞቶ አሁን ሁለተኛውን ሊወስዱባቸው ነው ማለት ነው። እናቴን ስነግራት፣ ሙሪየል ወንድም የላትም፣ ብቻዋን ነው ያደገችው አለችኝ። እናቴ ሁሉንም እንደማታውቅ ያን ቀን አረጋገጥኩ።

ነሐሴ መጣ፤ ከሰሜን የመጣው ቡድን ከተማው ሜዳ ላይ ከእኛ ጋር ለሦስት ቀን ሊጫወት ሆነ። በሦስተኛው ቀን አያቴ እሳቱን አጥፍቶ፣ የእሁድ ኮፍያውን አድርጎ፣ እኔን በአውቶቡስ ይዞኝ ሄደ። ካውንቲውን በዓይኔ የማየው መስሎኝ ነበር። የጠበቅኩት ቦርጫም ሰው ግን የትም አልነበረም። ሰማይ የሚያህል አረንጓዴ ሜዳ ነበር፤ መሃሉ ላይ የገረጣ ጠባብ መደብ፣ በሁለቱ ጫፎች ሦስት ሦስት ችካል፣ ዙሪያውን ነጭ የለበሱ ሰዎች ተራርቀው ቆመዋል። እንዲያ ያለ ጸጥ ያለ ትልቅ ነገር ከቤተ ክርስቲያን በቀር አይቼ አላውቅም።

ወይዘሮ ሙሪየል ቀድመውን መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ግራጫ ክር፣ እጃቸው ላይ የሹራብ መሥሪያ መርፌ። አያቴ ኮፍያውን አንስቶ ሰላም አላቸውና እኔን በመሃል አስቀመጠኝ። ከጠዋት ጀምሮ የእኛ መቺዎች ችካላቸው እየተመታ ወይም ኳሳቸው እየተቀለበ አንድ በአንድ ከጨዋታ ሲወጡ ወይዘሮ ሙሪየል አንድም ጊዜ ቀና ብለው አላዩም። መምህር ፔቲክ መምቻቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ወደ መሃል ሲወጡ፣ ሕዝቡ ሲያጨበጭብላቸው፣ ወይዘሮ ሙሪየል የሹራባቸውን ቋጠሮ ይቆጥራሉ። ጨዋታ የማይገባቸው ሴት ናቸው ብዬ አዘንኩላቸው።

"አሁን ምን ሆነ ሄስተር?" ይሉኛል።

እነግራቸዋለሁ። ወርዋሪው መጣ፣ ወረወረ፣ ኳሷ ነጠረች፣ መምህር ወደ መሬት መለሷት። "አሁንስ?" ይላሉ። እነግራቸዋለሁ። በክር የተያዘ ዓይናቸው ሳይነቃነቅ፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" ይላሉ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነገሩን ለመድኩት፤ ሳልጠየቅም እናገር ጀመር።

ከምሳ በኋላ ነገሩ ከፋ። ሻይ ተጠጥቶ ሲመለሱ ከእኛ በኩል ዘጠኙ ወጥተው የቀሩት መምህር ፔቲክና ቶዘር የሚባል ወፍራም ሰው ብቻ ሆኑ፤ ቶዘር መምቻ አያያዙ መጥረጊያ እንደያዘ ሰው ነው። ከሁለቱ አንዱ ከወጣ ተሸነፍን። ማሸነፍማ ቀርቷል፤ አያቴ እንዳስረዳኝ፣ የከተማው ሰዓት አሥራ ሁለት ተኩል እስኪል ሁለቱም ካልወጡ ጨዋታው አቻ ይሆናል። ስለዚህ መምህር ፔቲክ መምታቱን ትተው መከላከል ብቻ ያዙ። ኳስ ይመጣል፤ ይገድሉታል። ኳስ ይመጣል፤ ይገድሉታል። ከኋላችን ቢራ የያዙ ሰዎች ሰለቻቸው።

"መምህር፣ እንቅልፍ ወሰደዎት እንዴ?" አለ አንዱ።

"ኧረ ደወሉን ደውሉላቸው፣ ከክፍል ይውጡ!" አለ ሌላው።

አያቴ ዞር ብሎ አያቸውና ዝም አሉ። አንጥረኛ ሲያይህ ዝም ትላለህ።

የሰሜኖቹ ትልቁ ወርዋሪ አሞስ ጋርሳይድ ይባላል። ከድንጋይ ከሰል አገር የመጣ፣ ፊቱ የቀላ፣ ክንዱ የእኔን ወገብ የሚያህል ሰው ነው። ለመወርወር ከሩቅ፣ ከእኛ አግዳሚ አጠገብ ነበር የሚነሳው፤ የጫማው ብረት ሣሩን ሲቀድ ይሰማኛል። ሲንደረደር የሜዳው ወሬ ሁሉ ይቋረጣል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ከመምህር ፔቲክ በስተቀኝ በኩል ይወረውር ነበር። ያኔ የቡድኑ አለቃ ጠርቶ አንድ ነገር አለውና ጋርሳይድ ከችካሎቹ ወዲያ ተሻገረ፤ አሁን ኳሷ የምትመጣው ከመምህር በስተግራ ነው። እንዲህ ማድረግ ደንብ ነው፤ መቺውን ለማደናገር ሁሉም ያደርገዋል።

የመጀመሪያዋ ኳስ ከመሬት ነጥራ ተነሳች። መምህር ፔቲክ አልተንቀሳቀሱም። ሰው አንድ ነገር ሲመጣበት ቢያንስ ይሸማቀቃል፤ እሳቸው ግን ማንም እንዳልመጣበት ሰው ቆመው ሳሉ ግራ ግንባራቸውን መታቻቸው። ያኔ ጭንቅላት ላይ የሚደፋ መከላከያ የሚባል ነገር አልነበረም። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ በር እንደማንኳኳት።

ተንበረከኩ። ሕዝቡ በአንድ ትንፋሽ "ውይ" አለ። ወይዘሮ ሙሪየል ቀና አላሉም፤ "ንገሪኝ" አሉኝ።

"መታቸው" አልኩ። "ተንበርክከዋል። ደም አለ፤ ብዙ አይደለም። ጋርሳይድ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። እጁን ዘረጋላቸው።" ከዚያ ያየሁት ነገር ከአግዳሚው አስነሳኝ። መምህር ፔቲክ የተዘረጋውን እጅ ትተው በመምቻቸው ተመርኩዘው በራሳቸው ተነሱ። የጋርሳይድ እጅ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። "ናቁት!" አልኩ። "እጁን ናቁት! ቀና ብለው እንኳ አላዩትም!"

ከኋላችን ያሉትም እንደ እኔ ነው ያዩት፤ አንዳንዱ አጨበጨበ፣ አንዳንዱ ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ አጉረመረመ። የወይዘሮ ሙሪየል መርፌ ግን ቆመ።

"በየት በኩል ነው የዘረጋለት?"

"በግራቸው በኩል።"

ሌላ አልጠየቁኝም።

አልናቁትም። አላዩትም። የመምህር ፔቲክ ግራ ዓይን ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጦርነቱ፣ በሰሜን አፍሪካ በረሃ በፈነዳ ነገር ጠፍቶ ነበር። ከውጭ ለሚያየው ጤነኛ ዓይን ነው፤ ሰማያዊ፣ ንጹሕ፣ እንደ ጓደኛው የሚርገበገብ። ውስጡ ግን ጨለማ ነው። ይህን የሚያውቁት ሚስታቸውና አንድ የጦር ሐኪም ብቻ ነበሩ። አንገታቸውን እስኪጣመም የሚያዞሩት የቀረችውን አንዷን ዓይን ከአፍንጫቸው አሻግረው ለማምጣት ነበር። በአንድ ዓይን የኳስን ርቀት መለየት እንዴት እንደሚያስቸግር፣ የፈለገ ሰው አንድ ዓይኑን ሸፍኖ የተወረወረለትን ብርቱካን ለመቅለብ ይሞክር። እሳቸው ይህን ከካውንቲዎቹ ሁሉ ፈጣን ወርዋሪዎች ጋር ሦስት በጋ ሙሉ አድርገውታል። እኔ የግራው ረድፍ ልጆች ፍቅር ያልኩትም ይኸው ጨለማ ነበር። ይህን ሳውቅ አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ እውነት ለመናገር፣ ያኔም ቅር አለኝ።

ጋርሳይድ ግን ተንጠልጥሎ የቀረውን እጁን አየ፤ ከዚያ የመምህሩን ፊት አየ። ለምን እንደዚያ ትኩር ብሎ እንዳያቸው አልገባኝም። ኳሷን አንስቶ ወደ መነሻው ተመለሰ። ሲንደረደር ተሻግሮ የነበረውን ትቶ እንደገና በቀኝ በኩል መጣ። አለቃው በእጁ ወደ ግራ ወደ ግራ ሲለው ራሱን በእንቢታ ነቀነቀ። ኳሶቹም ሰው ሊመታቸው የሚችላቸው ሆኑ።

"ፈራ" አልኩ ለወይዘሮ ሙሪየል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። "ጋርሳይድ ፈራቸው!"

"ይሆናል" አሉ እሳቸው። አያቴ ግን ዝም ብሎ አገጩን ያሻሽ ነበር። አያቴ ነገሩን ያውቅ እንደሆነ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የብርድ ወራት ሳይሻገር ሞተ።

ጋርሳይድ የተራውን ስድስት ኳስ ወርውሮ ጨረሰ። ያኔ መምህር ፔቲክ ቀስ እያሉ መደቡን ይዘው ወደ እሱ ሄዱ፤ ደሙ ጉንጫቸው ላይ ደርቋል። ሁለቱ ራሳቸውን አጠጋግተው ቆሙ። ምን እንደተባባሉ ማንም አልሰማም። ጋርሳይድ አንድ ነገር አለ፤ መምህሩ መለሱ። ጋርሳይድ ኳሷን ሱሪው ላይ እያሻሸ መሬት መሬቱን ለረጅም ጊዜ አየ። መምህር ፔቲክ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

"መምህሩ ምን ብሎ ሰድቦት ይሆን?" አለ አያቴ።

እኔም ስድብ ነው ብዬ አመንኩ፤ ታላቅ፣ ወንድነትን የሚያዋርድ ስድብ። ምክንያቱም ጋርሳይድ በተራው ሲመለስ ወደ ግራ ተሻገረ፤ ሲንደረደርም ቀድሞ እንደነበረው ሳይሆን ከቀድሞው ይበልጥ ፈጥኖ ነበር።

መምህር ፔቲክም አቋቋማቸውን ቀየሩ። ትከሻ መስጠቱን ተዉት። ደረታቸውን ሙሉ ለሙሉ ለወርዋሪው ከፍተው፣ ሁለት እግራቸውን እንደ በር መቃን አራርቀው ቆሙ። እንዲያ የሚቆም መቺ ማንም አይቶ አያውቅም።

"ምነው መምህር፣ ፎቶ ሊነሱ ነው?" አለ ከኋላችን ያለው፤ ሰው ሳቀ።

አያቴ ኮፍያውን ከራሱ አወለቀ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለን ያህል ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። ጥላው ረዝሞ ሜዳውን እየበላ ነበር። ጋርሳይድ ከእኛ አጠገብ ይነሳል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል፤ ጫማው ሣሩን ይቀድዳል። ኳሷ ትመጣለች። እኔ እናገራለሁ። "ጎድናቸውን መታቻቸው። ቆመዋል። ይኸኛውን አሳለፉት። ይኸኛው ጭናቸውን መታቸው። ቆመዋል። ይኸኛውን ወደ መሬት መለሱት። ቆመዋል።" መምታት ያልቻሉትን በሰውነታቸው ይቀበላሉ፤ ኳሱ ቶዘር ፊት እንዳይደርስ የሚቻለውን ያህል ራሳቸው ይጋፈጣሉ። የሚስቅ ሰው ጠፋ። ቢራ የያዙት ሰዎች ብርጭቋቸውን መሬት ላይ አድርገው ቆመዋል። እኔ ዓይኔን ከመምህሬ ቀኝ ጆሮ ላይ አላነሳሁም፤ አሁን ፊታቸው ቀጥ ብሎ ቢቆምም እየሰሙ እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ምስጢሩን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር። ሰው እንዲያ ሊቆም እንደሚችል አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህም ብዙ አላየሁም።

የመጨረሻው ስድስት ኳስ የጋርሳይድ ሆነ። አምስቱ አለፉ። የከተማው ሰዓት ሊደውል ነው። አሥር ሰዎች መምህሬን ከበው፣ ኳሷን መሬት ሳትነካ ለመቅለብ እጃቸውን ዘርግተው፣ ጎንበስ ብለው ተጠጉ፤ ከሰዎቹ ጀርባና ክንድ መሃል ነጭ ሸሚዛቸው ብቻ ይታየኛል። ጋርሳይድ ከአጥሩ ጥግ ተነሳ። አፌን ከፈትኩ፤ ቃል አልወጣም።

ኳሷ ከግራ መጣች። መምቻቸው ዝግ ብሎ ወረደ። ቀይዋ ኳስ እግራቸው ሥር ወድቃ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትነጥር፣ እንደ ደከመች ድመት ተኛች።

ከዚያ ሰዓቱ ደወለ፤ ሕዝቡም ተነሳ። ጭብጨባው ከአጨብጫቢዎቹ እጅ ሳይሆን ከመሬቱ የሚወጣ ነበር የሚመስለው። ቶዘር መምቻውን ጥሎ መምህሬን አቀፋቸው። ጋርሳይድ መሃል ሜዳ ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ጉልበቱን ይዞ ይተነፍስ ነበር፤ ቀና ሲል እንባ ይሁን ላብ ፊቱ ርሶ ነበር። ተሸንፎ ነው አልኩ በልቤ፤ እሰይ።

መምህር ፔቲክ ከዚያ ቀን በኋላ ለካውንቲው ተጫውተው አያውቁም። መንደሩ ብዙ አወራ። ግማሹ ካውንቲው አሰናበታቸው አለ፤ ግማሹ ራስ ምታት ጸንቶባቸው ነው አለ። እኔ ጨዋታውን ስለጨረሱት ነው ብዬ አመንኩ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ የቀራቸው ነገር ምን አለና። ሃያ ምናምን ዓመት አስተማሩ። የእኔን ልጆችም አስተማሩ። በኅዳር ብርድ አረፉ።

ከዓመታት በኋላ፣ ወይዘሮ ሙሪየል ሰማንያ አልፏቸው፣ ሐሙስ ሐሙስ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። የዓይኑን ነገር የነገሩኝ ከእነዚያ ሐሙሶች በአንዱ ነው፤ እንደ ቀላል ነገር፣ አተር እየፈለፈሉ። ጋርሳይድ ለባላቸው ቀብር ከሰሜን ድረስ በባቡር መምጣቱንም ነገሩኝ። በዱላ የሚሄድ ሽማግሌ ሆኖ፣ ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ፣ መሃል ሜዳ ላይ የተባባሉትን አንድ በአንድ አወራላቸው። እስከዚያ ቀን ለአለቃውም፣ ለሚስቱም፣ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

መምህር ፔቲክ፣ "ወደ ግራ ተመለስ" ነው ያሉት። "ካዘንክልኝ ለምን እንዳዘንክ ይጠይቃሉ።"

ጋርሳይድ፣ "ሌላኛውንስ ባጠፋብህ?" አለ።

"ያን ጊዜ ልጆቹን በቃሌ አስተምራለሁ።"

አተሩን መፈልፈል ቀጠልን። ያን ቀን ቀና ብለው አለማየታቸው ትዝ አለኝ፤ ጨዋታው የሰለቸዎት መስሎኝ ነበር አልኳቸው። ሳቁ።

"አንድ ጊዜ ቀና ብያለሁ። አንቺ ነሽ ያስገደድሽኝ። የመጨረሻዋ ላይ ዝም አልሽ፤ ዝም ስትዪ የሞተ መሰለኝ።"

ምን እንዳዩ ጠየቅኳቸው። ኳሷን አላየሁም አሉ፤ በሰዎቹ መሃል ያየሁት ፊቱን ብቻ ነው። በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲያ የበራ ፊት አላየሁበትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ተው ተው ስለው ኖሬ፣ ምኑን ተው እንደምለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

"ወደ ቤት ስንገባ ግንባሩን አጠብኩለት" አሉ። "በአውቶቡስ ሙሉ መንገድ ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። ሾርባ አቀረብኩ። ጥቂት ጠጣና ማንኪያውን አስቀመጠ። 'ሙሪየል፣ በቃኝ' አለኝ።"

የያዙትን አተር በጣታቸው አሹ።

"ሾርባው መስሎኝ ሳህኑን አነሳሁ።"